የአዲስ ዕቃ ላስቲክ

ካሣ ለሦስተኛ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን አዙሮ ወረደ። የአዲሱ ቴሌቪዥን ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ምስሉ ግን ጭጋግ እንደለበሰ ነው። ጥፋቱ የስክሪኑ ላስቲክ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ይነሳ ብሎ ለሚስቱ ከመንገር ግን ጣሪያ መውጣት ቀለለው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገቡ ጀምሮ ሸጊቱ የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አታስነካም፤ አገር ቤት ሲመለሱ ዕቃው ከነአዲስነቱ እንዲገባ።

ሸጊቱ ምስሉን ትንሽ አየችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። በጥፍሯ ጥጉን ፈልጋ ላስቲኩን ቀስ አድርጋ ላጠችው።

«ስንመለስ ይጫጫርብሻል» አላት።

«ና ተቀመጥ። ዓይናችን ሳይደክም እንየው።»

አልጋው ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የፍራሹ የሃያ ዓመት ላስቲክ ከሥራቸው ተንኮሻኮሸ። ሸጊቱ ክንዱን ነካ አደረገችው።

«ተነስ እስቲ» አለችው፤ «ይኼንንም እናንሳው።»