የማርቲ ቦታ

አሰልጣኝ በኃይሉ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደረጃው ላይ ቆሟል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ድንጋይ ይዞ ለይቅርታ የወጣ ሰው ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ያየዋል። የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች ግን ገብተው ተናኘ ፊት ተቀምጠዋል። የመጡበትንም ተናግረዋል፤ ለፖሊስ ያመለከተችውን እንድትተው ነው።

ተናኘ አቀርቅራለች። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው አልምርም ማለት ባደገችበት ቤት ትልቅ ነውር ነው። ግን አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ ትሕትና አንድ ልጇ ናት፣ ገና አሥራ አራት ዓመቷ። አሁንም ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታ ሁሉንም ትሰማለች። አሰልጣኙ ከልምምድ በኋላ እግርሽን ልሽልሽ ብሎ የዕቃ ክፍሉን በር ከዘጋባት ወዲህ፣ የኳስ ስም ሲነሳ ተነስታ ወደ መኝታዋ ትገባለች።

የሚናገሩት ጋሽ ላቀው ናቸው። የእድሩ ዳኛ፣ የታች ፎቅ ጎረቤቷ፣ ባሏ የሞተ ጊዜ ድንኳን ያስተከሉላት ሰው። ሰይጣን አሳስቶት ነው ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የሚጠፋው የልጅቷ ስም ነው፣ ገበና በቤት ይሸፈናል። ደግሞስ ስንቱን የሰፈር ልጅ ከአልባሌ ቦታ ሰብስቦ ኳስ አስተምሯል፤ የእኔን የልጅ ልጅ ማርቲን እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ብለው ሲጀምሩ አፋቸው ይያዛል።

ተናኘ ቀና ትላለች።

«ማርቲ ግን ለምን ነበር ከቡድኑ የወጣችው?»

«ለትምህርቷ ነዋ።»

መልሱ ቸኩሎባቸዋል። ተናኘ ዓይኗን አትነቅልም።

«በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ጋሽ ላቀው። ለትምህርቷ ነው?»

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። ጋሽ ላቀው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ መልሰው ይፈቱታል። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሲዋሽ ማየት ያሳፍራል፤ እውነቱን ሊናገር ሲታገል ማየት ደግሞ የባሰ ነው።

«ነገረችኝ» ይላሉ በመጨረሻ። «አባባ፣ እዚያ ሰውዬ ጋ አልሄድም አለችኝ። ያደረጋትንም ነገረችኝ። ስሟ እንዳይጠፋ ብዬ አስወጣኋትና ዝም አልኩ።»

ተናኘ ልታለቅስ ይቃጣታል፤ እንባው ግን እምቢ ይላታል። አንዲት ልጅ ወጥታ ቦታ ተገኝቷል ተብሎ ትሕትና የተጠራችው በዚያው ሰሞን ነበር። የተናኘ ደስታ ከአቅሟ በላይ ሆኖ መጀመሪያ ያበሠረችው ለጋሽ ላቀው ነው፣ ታች ደጃፋቸው ላይ። እሳቸውም ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ትሕትና ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቋት።

«ክሱን አልተውም» ትላለች። «እርስዎም ነገ አብረውኝ ጣቢያ ይሄዳሉ።»

ጋሽ ላቀው ወደ በሩ ያያሉ።

«ይቅናሽ ብለዋት ነበር እኮ፣ ጋሽ ላቀው።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ስበው ፊታቸውን ይሸፍናሉ።