ዘጠና ሁለት ጠብታ

ክሮም ቤቱ ውስጥ መዶሻን የማይፈራ የለም። አለቃው ነው። ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ እጁም መዶሻ፣ ምላሱም መዶሻ። አምና ብረት ወልዋዩን በቡጢ ብሎ ሁለት ጥርስ አስተፍቶታል። ወልዋዩ ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አፉን በእጁ ይከድናል፤ ሳቁን ግን አልተወም።

ቆጣሪዋ ብቻ ነበረች የማትፈራው። ሥራዋ ጠብታ መቁጠር ነው። የሰማ ይስቃል፤ ነገሩ ግን የነፍስ ነው። ብረት ክሮም የሚለብስበት ገንዳ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ይንተከተካል፤ አረፋው እየፈነዳ መርዙን ሰው አፍንጫ ላይ ይረጨዋል። ይህን የሚያበርድ መድኃኒት አለ፤ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ሆኖ የፈሳሹን ቆዳ ያላላዋል። ቆዳው ሲላላ ጠብታው ያንሳል፣ ቁጥሩ ይበዛል። እሷ ጠዋት ጠዋት ከገንዳው በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ትቀዳና ጠብ ጠብ እያደረገች ትቆጥራለች። ዘጠና ከሞላ ሰላም ነው። ከሰባ ከወረደ ገንዳው ቆሞ መድኃኒት ይጨመርበታል። መድኃኒቱን የክሮም ቤቱ ባለቤት ቆልፎበታል፤ ቁጥር ካልወረደ እናቱ ብትለምነው አይከፍትም።

አንድ ቀን ሥራ ሲያልቅ መዶሻ ቱቦዋን ስታጥብ ደረሰባት። ሳሙናውን ከእጇ መትቶ አሽቀነጠረው።

«በውሃ ብቻ አላልኩሽም?» አለና በጥፊ አጮላት። ጆሮዋ ሦስት ቀን ጮኸ።

ለሳሙና ሰው ይመታል? ክሮም ቤቱ በሙሉ ጉድ አለ። ስስታም ነው፣ በመቃብሩም ላይ ውሃ አያፈሱም ተባለ። ቆጣሪዋ ደግሞ እልኸኛ ናት፤ ጽዳትም ትወዳለች፤ ቤቷ ድስቷ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። እሱ ዞር ሲልላት ሳሙናውን ከሽርጧ እያወጣች ቱቦዋን ዘፍዝፋ ማሳደር ጀመረች። ጠዋት ሳሙናውን ደፍታ ነቅነቅ አድርጋ፣ ቱቦው ገና እያሟለጨ ትቆጥርበታለች።

ከዚያ ደም መጣ።

የጀመረው በታናሽ ወንድሟ ነው። ብረቱን ገንዳ ውስጥ የሚነክረው እሱ ነው፤ የሦስት ሴት ልጆች አባት። እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አፍንጫው ይደማል፣ ደረቱ ያፏጫል። ሐኪሙ በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ መብራት ቢያበራበት ብርሃኑ በሌላኛው ወጣ። መሀሉን መርዙ በልቶታል። ቀጥሎ ሳንባህ ነው፤ አንድ ወርም አይፈጅበት አለው።

ቆጣሪዋ በማግስቱ ቆጠረች። ዘጠና ሁለት። ደግማ ቆጠረች። ዘጠና ሦስት። ገንዳው ንጹሕ ነው።

ገንዳው ንጹሕ ከሆነ ሰው ነዋ የሚገድለው። ወልዋዩ አንድ ጠዋት ቀድሞ ቢገባ መዶሻ ጭሱን የሚስበው ቬንትሌተር ውስጥ እስከ ክርኑ እጁን ሰዶ አገኘው። ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል። እያጠፋብን ነው፣ ስንሳል ደስ ይለዋል ተባባሉ።

በዚያው ሳምንት መዶሻ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ወትፎ መጣ። ወልዋዩ አፉን ከድኖ፣ «ዛሬስ ሚስቱ ቀድማን በቡጢ አለችው» አለ። የሳቁት ሳቅ ከሞተሩ በላይ ተሰማ።

ማክሰኞ ዕለት ወንድሟ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ ደም ተፋ። «እታለም» አለና ወደቀ። ሰው ሁሉ እሱን ሊያነሣ ሲሮጥ መዶሻ ግን የሮጠው ወደ ቆጣሪዋ ነው። ቱቦውን ከእጇ ነጥቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። እንክትክት አለ።

«በዚህ መቁጠር ይብቃሽ» አለ።

ማስረጃውን ሊያጠፋ ነው አለ አንዱ። ከዚህ በኋላ ራሱን የያዘ የለም። ወልዋዩ የብረት መስቀያ መንጠቆውን አንሥቶ የመዶሻ አገጭ ላይ አሳረፈው፤ አንዴ ብቻ፣ ለሁለቱ ጥርስ። አገጩ ወደ ጎን ተገንጥሎ ቀረ። ሌሎቹ በእግር፣ በመፍቻ፣ ባገኙት ወረዱበት። ቆጣሪዋም የተጮለችውን ጆሮዋን አልረሳችም፤ ጫማዋን አውልቃ በተረከዙ ፊቱን አደቀቀችው። ለወንድሜ እያለች፣ ለልጆቹ እያለች።

መዶሻ መናገር አልቻለም። በደም አፉ አንድ ነገር ያጉረመርማል። ጣቱን ወደ ዕቃ መደርደሪያው ይቀስራል። ውሃ አምሮት ነው አሉና ጣቱን ረገጡት። በሌላው እጁ ቀሰረ። እሱንም ረገጡት።

ሲበርድላቸው አይተነፍስም ነበር።

ባለቤቱ ከቢሮው ወጥቶ አየና በሩን ቀረቀረው። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠው ወንድሟ ማንንም አያይም፤ ደረቱ ብቻ ያፏጫል። ወልዋዩ የተከፈተ አፉን በእጁ መከደን ረሳ።

«ፖሊስ ሳይመጣ ቁጠሪ» አላት ባለቤቱ። «ገንዳው ንጹሕ እንደነበረ፣ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ተጽፎ ያግኙት።»

ቆጣሪዋ የእጇን ደም ታጠበች። ከመደርደሪያው ላይ ሣጥኑን አወረደችና በወረቀት እንደተጠቀለለ የተቀመጠውን፣ ውሃም ሳሙናም ነክቶት የማያውቀውን አዲሱን ቱቦ አወጣች። ከገንዳው ቀዳች። ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠብታ በጠብታ ቆጠረች።

ሃምሳ አራት ላይ አለቀ።