ካሜራዬ፣ እትዬ እና የግቢው ዘበኛ

ሃሃሃሃ... ቆይ መጀመሪያ ልሳቅ!

አርባ ሁለት ፎቶ አነሳኋት፣ አርባ ሁለቱም ላይ ፊት የላትም... ጥላ ብቻ!

አትሂዱ ደግሞ፣ ዋናው ወደ ታች ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከታላቅ እህቴ ከእትዬ ጋር ሰላሳ ዓመት በአንዲት ክፍል፣ የስፌት መኪናችንን ፊት ለፊት ገጥመን ስንሰፋ ኖርን።

አሁን ልጇ "እማ፣ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ" አለቻት። ቅዳሜ ልትሄድ ሆነ... ሩቅ።

እናታችን ፎቶ ሳትነሳ ነው የሞተችው። እውነቱን ልንገራችሁ... ድምጿ ጆሮዬ ውስጥ አለኝ፣ ፊቷ ግን ጠፍቶብኛል።

እትዬ ደግሞ ስልክ ሲደቀንባት ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች። ስለምናት ስለምናት፣ "በደህና ካሜራ ከሆነ እሺ" አለች።

ሰኞ ሮጬ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ።

የቁልፉ ብዛት! አንዱን ስነካው ይጮሃል፣ አንዱን ስነካው ይጠፋል...

ማክሰኞ መስኮቱ ጋ አቁሜ አነሳኋት... ጥቁር።

ረቡዕ ቀሚስ አስቀይሬ እዚያው መስኮት ጋ... ጥቁር።

ሐሙስም ጥቁር!

"አትንቀሳቀሺ እትዬ!"

"አንቺ ራስሽ መች ቆምሽ? እንደ እንዝርት ትሾሪያለሽ!"

የግቢያችን ዘበኛ በበሩ ብቅ አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ያቆምሻት ቦታ ልክ አይደለም።"

አንቺ ልጅ! የሃምሳ ዓመት ሴትዮ!

"ጋሼ፣ እርስዎ በርዎን ይጠብቁ" አልኳቸው። ምላሴ ይቆረጥ።

ዓርብም ያው ጥቁር።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው መጣ። ሻንጣው ተጫነ፣ ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል... እኔ ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ግቢውን እዞራለሁ።

"በቃ ተይው። ድምፄን በስልክ ትሰሚ የለ?" አለች እትዬ።

ድምፅማ የእናቴም አለኝ!

"በሩን ክፈቱ እንጂ!" አለ ሹፌሩ።

ጋሼ ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ "ቁልፉ ጠፋ" አሉ።

"ዘበኛ እንዴት ቁልፍ ይጠፋበታል?!"

"እርጅና ነዋ ልጄ..." ብለው እኔን በዓይናቸው ጠቀሱኝ!

ከዚያ መጥተው እትዬን በትከሻዋ ይዘው አዞሯት። የእሷን ፊት ወደ ጠዋቷ ፀሐይ፣ የእኔን ጀርባ ለፀሐይ።

"በይ አሁን ንኪው።"

ጠቅ!

ፊት... የእህቴ ፊት! ሽፋሽፍቷ ሳይቀር!

ለካ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲመርጥ፣ ቀዳዳ እንዳለው ለማየት ወደ ብርሃን አንስቶ አይደል የሚያየው? እኔም እትዬን መስኮቱን ከጀርባዋ አድርጌ ገትሬ፣ አራት ቀን ሙሉ እንደ ጨርቅ ሳያት ከርሜያለሁ! ሃሃሃ...

ቁልፉም ከጋሼ ኪስ ወጣ። መኪናው ሄደ። አለቀስኩ፣ ፎቶውን አየሁ፣ ደግሞ አለቀስኩ።

ሲወጣልኝ፣ "ጋሼ፣ ስንት ዓመት ፎቶ አንሺ ነበሩ?" አልኳቸው።

እናንተም "ድሮ ትልቅ ስቱዲዮ ነበራቸው" ልል መስሏችኋል አይደል?

ካሜራ በእጃቸው ነክተው አያውቁም!

"ሰው ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ሲመጣ ማን እንደሆነ አይለይም። እኔ ዞር ብዬ በሌላ ጎን አየዋለሁ። አስራ አንድ ዓመት በር ላይ የተማርኩት ይቺን ነው" አሉኝ።

እንግዲህ ፎቶ ማንሳት ለምትጀምሩ... ቁልፉን ከመነካካታችሁ በፊት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እዩ።

ደግሞ ዕውቀት ወረቀት ይዞ ብቻ አይመጣም። እኔ ሐሙስ ዕለት ብሰማቸው ኖሮ ያ ሁሉ ጭንቀት ባልኖረ!

እናንተስ... ንቃችሁ ያለፋችሁት፣ ኋላ ግን የቆጫችሁ ምክር የማን ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።

እኔ ግን "ጋሼ፣ ለእኔ ብለው ለምን ዋሹ?" ስላቸው ያሉኝን ቃል በቃል ልጻፍላችሁ፦

"ሲገቡ ፊት አያለሁ፣ ሲወጡ ዕቃ እፈትሻለሁ። እህትሽ ፊቷን ይዛብሽ ልትወጣ ነበር... እንዴት ዝም ብዬ ላሳልፋት?"