ዓይዳሒስ በአረብኛ

ዛሬም እንደ ልማዴ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ሰገድኩና ሻይ ጣድኩ። ከግድግዳው ውስጥ የሟቹ ባለቤቴ የዓይዳሒስ ድምፅ በአፋርኛ «መዲና፣ ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» አለኝ። ዳጉ ነው፤ እኛ አፋሮች ስንገናኝ ወሬ ሳንለዋወጥ አንተላለፍም። እሱ ከሞተ ወዲህ ቤቱ በድምፁ ይጠይቀኛል፤ እኔም የሰማሁትን እነግረዋለሁ።

ረፋዱ ላይ የቤቶችን ድምፅ የሚያስተካክለው ጎረቤቴ ሁመድ መጣ። አረብኛ የመንግሥት ቋንቋ በሆነባቸው የአፍሪካ አገሮች ሁሉ፣ ከእኛ ከጅቡቲ እስከ ሞሪታኒያ ድረስ፣ በአዲሱ ሕግ ከዛሬ ጀምሮ ቤት የሚናገረው በአረብኛ ብቻ ነው፤ የእኔንም ቤት ሊቀይር ነው የመጣው።

«አይዞሽ እናቴ፣ ድምፁ ያው የእሱ ነው» አለኝ። «እንዲያውም አነጋገሩ ያምርለታል።»

«ዓይዳሒስ በአረብኛ ዱዓ ያደርግ ነበር። ከእኔ ጋር ግን ቀልዶበት አያውቅም።»

«እምቢ ካልሽ ማጥፋት ግዴታዬ ነው።»

«አጥፋው።»

«ሁለተኛ አይመለስም እኮ!»

«ሰምቻለሁ። የማላውቀው ሰው በባሌ ጉሮሮ እንዲያናግረኝ አልፈቅድም። አጥፋው አልኩህ!»

አጠፋውና አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ከዓይዳሒስ የቀረኝ ድምፁ ነበር። አሁን እሱም የለም።