የሚያበራው መፍቻ

ጡረተኛው ከእንግዲህ መኪናውን ራሱ ሊጠግን ቆረጠ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ፋይል ሲያገላብጥ የኖረ ሰው አንድ ብሎን አያቅተውም ብሎ ነው።

መሣሪያ ሊገዛ ሄደ። አመራረጡ እንዲህ ነበር፤ መፍቻውን ወደ ፊቱ ያስጠጋል፤ ጢሙ ከታየው ይገዛል፤ ካልታየው ይመልሳል። ባለሱቁ ነገሩ ሲገባው፣ ክብደት የሌለውን፣ ግን መስታወት የሚመስለውን ሁሉ አወጣለት። ጡረተኛው ቀይ ከፋይ የተነጠፈበት ሳጥን ሙሉ ይዞ ቤቱ ገባ።

ከአጥሩ ወዲያ መካኒክ አለ። የእሱ መሣሪያ ከእሳት የወጣ ይመስላል፤ ጥቁር ነው፤ እጀታው በመዳፍ ተፍቆ አልቋል። ሰው መኪናውን ከነቁልፉ ጥሎለት ይሄዳል። እሱም ከወንበር ስር የወደቀ የቁልፍ ማያያዣ እንኳ ቢያገኝ ጠርቶ ይሰጣል። ሌላ ሀብት የለውም፤ የሚበላው በስሙ ነው።

ጡረተኛው ሳጥኑን በአጥሩ ላይ አሳየው። መካኒኩ አንዱን አንስቶ በእጁ መዘነ። ብረት በብልጭታው እንደማይመረጥ፣ ክብደቱና አፉ እንደሚታይ፣ ለቤት ሥራ ደግሞ አምስት ስድስት ደህና መፍቻ እንደሚበቃ ነገረው። ታክሲውን ሊያሠራ የመጣ ባለታክሲ አንገቱን አስግጎ አየና፣

"ጋሼ፣ በዚህ ነው የሚላጩት?" አለ።

ጡረተኛው ሳጥኑን ከደነ። ለሚስቱ፣ መካኒኩ ገበያ ሊቀርበት ስለሆነ ዓይኑ ቀልቷል አላት።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻው ብሎኑ ላይ አፉን ከፈተ። እጁ አምልጦ ብረት ላይ አረፈ፤ ቆዳው ተላጠ። ሚስቱ ቁስሉን ስታስር እሱ ብሎኑን ይሰድባል። ስለ መፍቻው ክፉ አልወጣውም። በሁለተኛው ቀን ካቻቢቴው ተሰብሮ ስባሪው ዓይኑን ለጥቂት ሳተው። ሚስትየው ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

በሦስተኛው ቀን ሳጥኑን ሲከፍት አሥራ ሦስት ቁጥሩ የለም። በቦታው ጥቁር፣ ያረጀ አሥራ ሦስት ቁጥር ተኝቷል። በማግስቱ ካቻቢቴው እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ፒንሳው።

"ሌባ ይወስዳል እንጂ ይለውጣል እንዴ?" አለ።

"ዕድሜ ብዙ ያሳያል" አለች ሚስቱ። ያን ሰሞን ወገቧን ያማት ነበርና ጎንበስ እንዳለች ነው የመለሰችለት።

በጥቁሮቹ ግን ሥራው ተቃና። ብሎኑ እሺ አለ፤ ካንዴላው ወጣ፤ የእጁም ቁስል ዳነ። ጡረተኛው፣ እጄ ሥራ ለመደ አለ።

ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ለሚስቱ ሰጠ። ከሷ ሌላ የሚያምነው ሰው የለም። በማግስቱ መዶሻው ተለውጦ አደረ። ከዚህ በኋላ ምን ጥርጥር አለ? የሰው መኪና ሲከፍት የሚውል እጅ ሳጥን አይቸግረውም።

በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀ። መካኒኩ የሚያበራውን አሥራ ሦስት ቁጥር ይዞ ቆሟል። ያገላብጠዋል። አውራ ጣቱ በጨርቅ ታስሯል። ራሱን ነቅንቆ መፍቻውን እንደ አደራ ዕቃ ከሌሎቹ የሚያበሩ መሣሪያዎች ጋር ጠቀለለው።

ጡረተኛው ጎረቤት ሰበሰበ። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ መጣ፤ ባለታክሲውም መጣ፤ ሥራ የሌለው ሁሉ መጣ። መካኒኩ ጥቅልሉን ይዞ ወጣና መሬት ላይ ዘረጋው። አንድም አልጎደለም፤ ዓይን ይወጋል።

"የማን ነው?" አለ ልብስ ሰፊው።

"የጋሼ ነው።"

"ያንተስ?"

"እሳቸው ሳጥን ውስጥ ነው።"

"እንዲያው ምን አጎደሉብህ? የሃያ ዓመት ጎረቤትህን!"

ሚስትየው ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። አፏን ከፈተች። መካኒኩ ቀደማት።

"እትዬ፣ እስቲ ውሃ ይስጡኝ። ጉሮሮዬ ደረቀ።"

አመጣችለት። ቆሞ ጠጣ፤ ብርጭቆውን መለሰ። ከዚያ ለጡረተኛው ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

ልብስ ሰፊው፣ አሮጌ ትቶ አዲስ መውሰድ ከስርቆትም ከንግድም የከፋ ነው ብሎ ፈረደ። ዕቃው ወደየባለቤቱ ተመለሰ። ባለታክሲው ወደ መካኒኩ ግቢ ገብቶ የታክሲውን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረደና ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች የተፈታ መኪናቸውን በገመድ አስጎትተው ወሰዱ። መካኒኩ ገመዱን ሲያስሩ አገዛቸው።

ጡረተኛው ደስ ብሎታል። በዚያው ቀን አዲስ ክሪክ ገዛ። በዚህኛው ላይ ጢሙ ብቻ አይደለም፣ ባርኔጣውም ታየው። ነገ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ከስሩ ሊገባ ነው። ሞከረው። ክሪኩ መኪናውን ትንሽ አነሳና እስስ እያለ መልሶ አወረደው።

"ይተነፍሳል" አላት ለሚስቱ። "ጤነኛ ነው።"

ሚስትየው፣ ከመግባትህ በፊት መካኒኩ አንድ ጊዜ ቢያየው ምን አለበት አለችው። ባልየው ሳቀ። ክሪክ ለሌባ የሚያሳይ ሞኝ አይቶ እንደማያውቅ ነገራትና ለነገ ቱታውን እንድትተኩስለት አዘዛት።

በማግስቱ ማለዳ ባልየው ቱታውን ሲቆልፍ፣ ሚስትየው ክሪኩን በአንሶላ ጠቅልላ እንደ ወትሮዋ በጓሮ ዞረች፤ የመካኒኩ በር ላይ ግን በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ጠበቃት።