የእህቴ ልጅ ናት

«ቲቸር! እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን እግር ጣለዎት?»

መምህርቷ ድምፁን ለየችው። ብድግ ልትል ስትሞክር ለሕፃን የተሠራችው ወንበር ወገቧ ላይ ተሰክታ አብራት ተነሳች። ሁለት ልጆች ሳቁ። ወንበሯን በሁለት እጇ አላቅቃ መልሳ ስትቀመጥ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ሰውየው መካኒክ ነው። ልጁ፣ እሷ በምታስተምርበት በትልቁ ትምህርት ቤት፣ የእሷው ተማሪ ነው። ይህችኛዋ ግን ፊደል አልገባ ላላቸው ልጆች የተከፈተች ትንሽ ትምህርት ቤት ናት፤ የአንድ ሰው ሳሎን የነበረች፣ የመጋረጃ መስቀያው እንኳ ገና ያልተነቀለላት። በየሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰብ ይመጣና እያንዳንዱ ልጅ ለራሱ ሰው አንድ ገጽ ያነብለታል። ልጁ ራሱ እርዱኝ ካላለ በቀር ማንም ቃል አይነግረውም። ጥግ ላይ አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው «ቆይ አባባ፣ አይንገሩኝ አልኩ እኮ!» እየተባሉ ነው።

ከመምህርቷ ጎን ልጇ ተቀምጣለች። መሐሉ ተቀዶ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ካርቶን ገጹ ላይ እያስተካከለች ነው። የሚያመላልሳት አባቷ ነበር፤ እናቷ እዚህ ስትመጣ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ «እማዬ፣ ትመጫለሽ አይደል?» ስትል ነው የከረመችው።

መምህርቷ ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ይህንኑ ሰው ከተቀመጠበት አስነስታ «ልጅ የሚያነበው ቤቱን ነው! ከቤት ያልያዘውን እኔ ከየት አመጣለታለሁ?» ብላው ነበር። ሰው ሳቀ። እሱ ግሪስ የጠጣ እጁን ኪሱ ከቶ «እሺ ቲቸር» ብሎ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ የእሷ ልጅ እዚህ ከገባች ቆይታ ነበር። ቤቷ ደግሞ መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው። ለባልደረቦቿ የነገረቻቸው ልጅቷ ለአያቷ ቤት ወደሚቀርብ ትምህርት ቤት ተዛወረች ብላ ነው።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለች። «እናቷ ሥራ በዝቶባት...»

መምህርቷ እህት የላትም። ለእናቷ አንድ ናት። ይህን ደግሞ ልጅቷ አሳምራ ታውቃለች። ካርቶኑን የሚገፋው ጣቷ ባለበት ቆመ።

«እሰይ፣ ደግ አደረጉ! አክስትም ያው እናት ናት» አለ መካኒኩ አጠገቧ እየተቀመጠ። የእሱም ወንበር ሲጢጥ አለ። «እኔማ የእኛን ልጅ ላምጣው ወይስ ልተወው እያልኩ ልቤ ሁለት ሆኖ፣ እስቲ አይቼ ልመለስ ብዬ ነው። ሚስቴ ሰው ምን ይለናል ትላለች። እውነትዎን ነበር ቲቸር፣ ከቤት ነው። እኛ ምን ተምረን! የእርስዎ ልጅ ብትሆን ኖሮ እዚህ ምን ትሠራለች?»

አሁን ልንገረው፣ አለች በሆዷ። አሁን። ግን አንገቷን ነቀነቀች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ራሷም አላወቀችው።

የትንሿ ትምህርት ቤት አስተማሪ ወደ እነሱ መጣች። «ቀስ» ከአፏ ስለማይጠፋ ልጆቹ እትዬ ቀስታ ነው የሚሏት። መምህርቷን ስታይ ፊቷ በራ። «የኔ ቆንጆ፣ እናትሽ መጡልሽ?»

ልጅቷ ቀና አለች። እናቷን አየች፤ ከዚያ መካኒኩን አየች።

«አክስቴ ናት» አለች።

አንድ ቃል ለማውጣት ስንት የምትለፋ ልጅ፣ ይህችን ግን አልተደናቀፈችባትም። መምህርቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እስከዛሬ የምታፍረው በልጇ ነበር፤ አሁን ያፈረችው በራሷ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ የሚደበቅበት ጥግ የለውም።

«በይ እንግዲህ ለአክስትሽ አንብቢላቸው። ቀስ እያልሽ» አለች እትዬ ቀስታ።

ንባቡ ከመንጋ ስለጠፋች ፍየል ነው። ልጅቷ ጀመረች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች። ቃሉ በመምህርቷ ምላስ ጫፍ ላይ ነው። ቤት ቢሆን ነጥቃ ትለውና «ትናንት አውቀሽው አልነበር?» ትላት ነበር፤ ከዚያ ለቅሶ ይከተላል፤ መጽሐፉም ይዘጋል። አሁን ግን ልጅቷ ዞር ብላ እንድታያት፣ እርጂኝ እንድትላት ብቻ በልቧ ለመነች። ልጅቷ አላየቻትም። ፊደሎቹን በለሆሳስ አንድ በአንድ ጠራቻቸው፣ ገጣጠመቻቸውና አለፈች። እንዲህ እንዲህ እያለች ፍየሏን ከገደል አፋፍ አግኝታ ቤቷ አደረሰቻት። ገጹ አለቀ።

አንድ ገጽ፣ ከላይ እስከ ታች። መምህርቷ ከልጇ አፍ ይህን ሰምታ አታውቅም። አቅፋ ልትስማት፣ «ልጄ!» ብላ ልትጮህ ፈለገች። እጆቿ ጭኗ ላይ ቀሩ።

«አቤት ጉብዝና!» እትዬ ቀስታ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ምነው ይህን እናትሽ በሰሙት!»

«ቤት ስሄድ አነብላታለሁ» አለች ልጅቷ ካርቶኑን ከገጹ ላይ እያነሳች። «መምጣት ፈልጋ ነበር፤ ሥራ ይዟት ነው።»

«የታደለች እናት» አለ መካኒኩ። ማጨብጨብ የጀመረውም እሱ ነው። ክፍሉ ሁሉ ተከተለው።

መምህርቷም አጨበጨበች፤ አንዲት አክስት የምታጨበጭበውን ያህል።