አምስቱ በአንድ መርፌ

«ዘግተናል» አለች ነርሷ ቀና ሳትል። የክትባቱን ሳጥን ክዳን በጉልበቷ ተጭና ማሰሪያውን እየሳበች ነበር።

እናትየዋ ደጃፉ ላይ እንደቆመች ቀረች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፤ የሰባት ዓመት ሴት ልጇ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛለች። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እናቶች ተጣበው ሲጫወቱበት የዋሉት አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ የሕፃን ካልሲ ብቻ ቀርቷል።

«መኪናው ቀርቶብን ነው፣ ሲስተር። በእግራችን ነው የመጣነው።»

«ወይ እህቴን!» ነርሷ አሁን ቀና አለች። የእሷም ፊት ዝሏል። «በቃ ለሚቀጥለው ወር ነይ። ይሄ ተበጥብጦ የሚሰጥ ነው፤ ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ አያድርም። ለአንድ ልጅ ከፍቼ የሌሎቹን ልድፋው? ስንት መከራ አይተን ነው እኮ ያገኘነው።»

እናትየዋ አልተከራከረችም። ድሮ ጨዋታ አዋቂ ነበረች፤ ስትናገር ሰፈሩ ይስቅላት ነበር። ባሏ ለሥራ ርቆ ከሄደ ወዲህ ግን ቤት ውስጥ የሚመልስላት ሰው የለም። ጎረቤቶቿም ከሴት ልጇ ሕመም በኋላ «እንዴት አደርሽ»ን ከአጥር ውጭ ጥለውላት ነው የሚያልፉት። ማታ እራት አቅርባ «ብይ እንጂ» ስትል፣ የምትሰማው ራሷ ብቻ ናት።

ነርሷ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለች።

«አንቺስ ቆንጆ፣ ስምሽ ማነው?»

ልጅቱ የነርሷን ከንፈር ትኩር ብላ አየች።

«ምነው፣ ምላስሽን እቤት ረስተሽው መጣሽ?»

«አትሰማም» አለች እናትየዋ።

ነርሷ ቀስ ብላ ቀና አለች። «ከተወለደች ጀምሮ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ‹እማ› ማለት ጀምራ ነበር። በር ሲንኳኳ እንኳን የአባቷን ማንኳኳት ከሌላው ትለይ ነበር። በኋላ ትኩሳት ያዛት፤ አንገቷ ድርቅ አለ። ማጅራት ገትር ነው አሉን። ሆስፒታል ተኝታ ተረፈች። ተመስገን ብዬ ይዣት ገባሁ። አንድ ቀን ድስት ከእጄ አምልጦ ሲወድቅ እኔ ደንግጬ ዘለልኩ፣ እሷ ዞርም አላለች። ያኔ ነው የገባኝ።»

ይህን ያህል ለሰው ከተናገረች ቆይታለች። 

ነርሷ ሳጥኑን አየች። «እዚህ ውስጥ አለበት» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«ምኑ?»

«የማጅራት ገትሩ መከላከያ። አምስት ነው፣ በአንድ መርፌ። ትክትክ፣ ጉሮሮ የሚዘጋው ዘጊ አነዳ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበቱ… አምስተኛው እሱ ነው። ማጅራት ገትሩን ሁሉ አይከላከልም፤ ሕፃናት ላይ የሚበረታውን ግን ይከላከላል።»

«በእሷ ጊዜ አልነበረም?»

ነርሷ ‹አልነበረም› ብትል ይቀላት ነበር።

«ነበር። እኛ ጋ አልደረሰም እንጂ።»

«የት ነበር ታዲያ?»

«ሌላ አገር። መግዣው ያላቸው ጋ።»

እናትየዋ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። እስከ ዛሬ ሕመሙ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ነገር ይመስላት ነበር፤ ከራሷ በቀር ማንንም አማርራበት አታውቅም። አሁን ግን ልጇ ጡት ትጠባ በነበረበት በዚያው ወራት፣ ብልቃጡ በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ሳጥን ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ታያት።

«እኔን ነበር እኮ የሚሉኝ» አለች። «‹ብርድ አስመትተሻት ነው። ገላዋን አጥበሽ ደጅ አውጥተሻት ነው።› አማቴም እንዲሁ አለች። እሱም… አባቷም አንድ ጊዜ ብሎኛል።»

«አንቺ አይደለሽም።»

«እኔማ አምኜ ነበር።»

ነርሷ የሳጥኑን ማሰሪያ ፈታችና እጇን ልትታጠብ ሄደች።

«ሲስተር፣ በሩን ልቆልፍ ነው!» ብሎ ጮኸ ዘበኛው ከግቢው በር።

«ተወው፣ ሰው አለኝ!»

«የቀረውስ?» አለች እናትየዋ፣ ነርሷ ተመልሳ ከሳጥኑ ያወጣችውን ብልቃጥ እያየች። «ይደፋል አላልሽም?»

«የሚደፋው ይደፋል። ከአለቃዬ ጋር የምጨቃጨቀው እኔ ነኝ። ይልቅ ልጁን አውርጂው፤ እግሩን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ።»

ፈሳሹን ከዱቄቱ ጋር አዋህዳ ወደ መርፌው ሳበችና በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። ሕፃኑ መርፌው ጭኑ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አልነቃም። ከዚያ አፉን ከፍቶ ለአፍታ ያለ ድምፅ ቆየ፤ ወዲያው ለቅሶው ባዶውን ኮሪደር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላው።

ልጅቱ የወንድሟ ፊት ሲቀላ አየች። ጠጋ ብላ መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች። ለቅሶው ከመዳፏ ሥር ሲርገበገብ ዓይኗ ፈጠጠ። ሌላውን እጇን ቀስ ብላ የራሷ ደረት ላይ አደረገችና እንደዚያው ቆመች፤ እስትንፋሷን እንኳን ይዛ።

እናትየዋ «እሹሩሩ» ልትል አፏን ከፍታ፣ ልጅቱን አይታ ተወችው። ጥጥ የያዘችው ነርሷም ቀና ሳትል ጠበቀች። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ትንሿ መዳፍ ደረቱ ላይ ከለቅሶው ጋር ከፍ ትላለች፣ ዝቅ ትላለች።